የባህር ቃኚዋ አውሮፕላንና ያልተጠየቀው ምክር ቤት

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ካታሊና የምትባለው የባህር ቃኚ አውሮፕላን የጀርመኗን የጦር መርከብ ቢስማርክን እንዴት እንዳገኘቻት አነበብኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተጽፎ ብዙም አናይም። ግን ጸሐፊው መጨረሻ ላይ የአሜሪካ መሥራቾች ያወረሱት ትልቁ ሐሳብ ከሰው ጠብ መራቅ እንደነበረ፣ እሱም በዚያች ቀን እንዳበቃለት፣ ማብቃቱም ደግ እንደሆነ በሁለት መስመር ጠቅሶ አለፈ። እዚህ ላይ አልስማማም። በጣም አልስማማም፣ ለዚህም ነው የምጽፍላችሁ።

እኔ እንደሚገባኝ መሥራቾቹ ያወረሱት ዋናው ነገር ገለልተኝነት አይደለም። ሕዝብን ወደ ጦርነት የሚወስድ መሪ አስቀድሞ የሕዝቡን ተወካዮች ፊት ለፊት ይጠይቅ የሚለው ነው። በዚያች ቀን የተጎዳውም ይሄኛው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ትንሽ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ነገር ከሥሩ ነውና መጀመሪያ ስለ አውሮፕላኗ ልበል። ካታሊና ፈጣን አልነበረችም። ለቅኝት ስትወጣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትሄደው። ተዋጊ አውሮፕላን ከደረሰባት ማምለጫ የላትም። ያላት ነገር ትዕግስት ነው። አንዴ ከተነሳች ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፣ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ አየር ላይ ትቆያለች። ሆዷ የጀልባ ሆድ ስለሆነ ውሃ ላይ ታርፋለች፣ ከውሃ ላይ ትነሳለች። ክንፏ ጫፍ ላይ ያሉት ተንሳፋፊዎች ከተነሳች በኋላ ወደ ላይ ይታጠፉና የክንፉ አካል ይሆናሉ። ወገቧ ላይ ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ያበጡ ትልልቅ የመስታወት መስኮቶች አሏት፣ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ባህሩን ሲያዩ ይውላሉ። ውስጧ መኝታ አለ፣ ምግብ ማሞቂያም አለ። ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑት ሰዎቿ በተራ ይተኛሉ፣ በተራ ያያሉ። የቅኝት ሥራ በአብዛኛው ይሄው ነው፣ ሰዓታት ሙሉ ምንም የሌለበትን ውሃ ማየት፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን አንድ ነገር ሲታይ ቶሎ መናገር።

እ.ኤ.አ. በጁን 1942 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ወዳለችው የአሜሪካ ደሴት ወደ ሚድዌይ የሚመጡትን የጃፓን መርከቦች ቀድመው ያዩት ካታሊናዎች ናቸው። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ በ1945፣ ኢንዲያናፖሊስ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በቶርፒዶ ተመትታ ሰጠመች። መርከበኞቿ ሻርክ በሞላበት ባህር ላይ ለቀናት ተንሳፈፉ። መጀመሪያ ያያቸው ቬንቹራ የሚባል ሌላ ቃኚ አውሮፕላን ነው። ኤድሪያን ማርክስ የሚባል የካታሊና አብራሪ ቦታው ሲደርስ ሰዎቹን ሻርክ ሲበላቸው አየ። ባህር መሃል ማረፍ የተከለከለ ነበር። ማርክስ ግን ማዕበሉ ላይ አሳረፋትና 56 ሰው አነሳ። ውስጧ ሲሞላ የቀሩትን ክንፏ ላይ አስተኝቶ በፓራሹት ገመድ አሰራቸው። አውሮፕላኗ ከዚያ በኋላ መብረር አልቻለችም፣ እነዚያ 56 ሰዎች ግን ተረፉ። ይቺን አውሮፕላን የምወዳት ለዚህ ነው፣ ስለዚህ ጸሐፊው ካታሊናን ስላወደሰ ቅር እንዳለኝ አይቁጠረው።

አሁን ወደ ቢስማርክ። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1941 ቢስማርክ የእንግሊዝን ታላቅ የጦር መርከብ ሁድን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አሰጠመቻት። ሁድ ላይ ከነበሩት 1,418 ሰዎች የተረፉት ሦስት ናቸው። በማግስቱ ሌሊት ቢስማርክ ከሚከታተሏት መርከቦች አምልጣ ጠፋች። ከ30 ሰዓት በላይ የት እንዳለች ያወቀ አልነበረም።

ሜይ 26 ቀን ጎህ ሳይቀድ ከሰሜን አየርላንድ፣ ሎክ ኧርን ከሚባለው ሐይቅ፣ አንዲት ካታሊና ተነሳች። ወደ አትላንቲክ የምትወጣው በገለልተኛዋ አየርላንድ ሰማይ ላይ ነበር፣ የአየርላንድ መንግሥት ድምፁን አጥፍቶ የፈቀደላቸው ጠባብ መተላለፊያ ነበረ። አዛዡ ዴኒስ ብሪግስ እንግሊዛዊ ነው። ረዳት አብራሪው ሌናርድ ስሚዝ ግን የአሜሪካ ባህር ኃይል መኮንን ነው፣ የሚዙሪ ልጅ። ጽሑፋችሁ ስሚዝን እንደ ተሳፋሪ እንግዳ አድርጎ ነው ያቀረበው፣ እንግዳ አልነበረም። ረፋዱ ላይ መሪውን የያዘው እሱ ነው። ደመናው ዝቅ ብሏል፣ ባህሩ ይናወጣል። ከሩቅ አንድ ትልቅ ነገር ታየው። ብሪግስ መልእክቱን ለማዘጋጀት ወደ ኋላ ሄደ፣ ስሚዝ ደግሞ አውሮፕላኗን ደመናው ውስጥ ከትቶ ዞር ብሎ ሊጠጋ አሰበ። ከደመናው ብቅ ሲሉ መርከቧ እዚያው አጠገባቸው ናት። ፀረ አውሮፕላን መድፎቿ በሙሉ ተኮሱባቸው። ፍንጣሪው የካታሊናዋን ሆድ በሳሳው። ስሚዝ እያጠማዘዘ ሸሸ፣ መልእክቱም ተላለፈ። ያን ዕለት ምሽት አርክ ሮያል ከምትባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን ጫኝ መርከብ የተነሱ አውሮፕላኖች ቢስማርክን መሪዋ ላይ በቶርፒዶ መቷት፣ በማግስቱ ጠዋት ሰጠመች። ከ2,000 በላይ ጀርመናውያን አብረዋት አለቁ።

ስሚዝ እዚያ ምን ይሠራ ነበር? አገሩ ጦርነት ውስጥ አልነበረችም። በወረቀት ደረጃ ታዛቢ ነው። ከአሜሪካ የመጡትን ካታሊናዎች አያያዝ ለእንግሊዞቹ እንዲያሳዩ በምስጢር ከተላኩት ጥቂት መኮንኖች አንዱ ነበር። ቢስማርክ በሰጠመችበት ቀን ማታ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሬዲዮ ቀርበው ያልተገደበ ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ስለ አትላንቲክ አደጋ በሰፊው ተናገሩ፣ የአሜሪካ ቅኝት ለእንግሊዝ የሚሄደው ዕቃ በሰላም እንዲደርስ እየረዳ ነው አሉ። አንድ አሜሪካዊ መኮንን ቢስማርክን ባገኘችው አውሮፕላን መሪ ላይ እንደነበረ ግን ለሕዝቡ አልነገሩም።

የባህር ቃኚ አውሮፕላን ነገር የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ስሚዝ አንድ ጥይት አልተኮሰም። ያደረገው ማየትና መንገር ነው። ግን ባያይና ባይነግር ኖሮ ቢስማርክ በአንድ ቀን ውስጥ ጀርመኖች የያዙት የፈረንሳይ ወደብ አጠገብ ትደርስ ነበር። ታዲያ አሜሪካ ያን ቀን ተዋግታለች ወይስ አልተዋጋችም? ጠመንጃ የያዘ ወታደር ድንበር ቢያቋርጥ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ጋዜጣ ይጽፈዋል፣ ምክር ቤት ይጮኻል። አይቶ የሚናገር አውሮፕላን ግን ማንም ሳያውቅ አንድን አገር እስከ አንገቱ ጦርነት ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። መሥራቾቹ አውሮፕላን አያውቁም፣ ይሄን ጥያቄ ግን በደንብ ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1787 ፊላደልፊያ ላይ ሕገ መንግሥቱን ሲያረቁ የጦርነት ሥልጣን የማን ይሁን የሚለው ተነሳ። ከሳውዝ ካሮላይና የመጡት ፒርስ በትለር ለፕሬዚዳንቱ ይሰጥ አሉ። የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ ተነስተው፣ በሪፐብሊክ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ጦርነት የማወጅ ሥልጣን ይሰጠው የሚል ሐሳብ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም አሉ። ጄምስ ማዲሰንና ጌሪ ያቀረቡት ማሻሻያ ድንገተኛ ጥቃትን መመከት ለፕሬዚዳንቱ እንዲተው፣ ጦርነት ማወጅ ግን የሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ የኮንግረስ፣ እንዲሆን ነበር። የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰንም ደገፉት። ወደ ጦርነት የሚወስደው መንገድ እንቅፋት ይብዛበት፣ ወደ ሰላም የሚወስደው ይቅለል ነው ያሉት። ማዲሰን ከዓመታት በኋላ፣ በ1798፣ ለሌላው መሥራች ለቶማስ ጄፈርሰን በጻፉት ደብዳቤ ምክንያቱን ግልጽ አድርገው አስቀምጠዋል። ከመንግሥት ክፍሎች ሁሉ ለጦርነት የሚቸኩለውና ከጦርነት የሚጠቀመው አስፈጻሚው ነው፣ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ሆን ብሎ ነገሩን ለሕግ አውጪው ሰጠው አሉ።

ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አልነበረም። በዚያው በ1798 አሜሪካ ከፈረንሳይ ጋር ባህር ላይ መጋጨት ጀመረች። ኮንግረስ በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ሕግ ወደ ፈረንሳይ ወደቦች የሚሄዱ የአሜሪካ መርከቦች እንዲያዙ ፈቀደ። የፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ መንግሥት ለካፒቴኖቹ ያስተላለፈው ትእዛዝ ግን ከፈረንሳይ ወደብ የሚመጡትንም ጨመረበት። ካፒቴን ጆርጅ ሊትል ትእዛዙን ይዞ ፍላይንግ ፊሽ የተባለች መርከብ ከፈረንሳይ ወደብ ስትመጣ ያዘ፣ የዴንማርክ መርከብ ሆና ተገኘች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1804 ዳኛ ጆን ማርሻል የፈረዱት በካፒቴኑ ላይ ነው። ኮንግረስ ያልፈቀደውን ነገር የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሕጋዊ አያደርገውም አሉ፣ ካፒቴኑም ለባለቤቶቹ ካሳ እንዲከፍል ተፈረደበት። አስቡት፣ ካፒቴኑ አልሰረቀም፣ አልዋሸም፣ ከበላዩ የመጣለትን ነው የፈጸመው። እኔ ይሄን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ስሚዝ ይመጣብኛል። እሱም ባህር ላይ የታዘዘውን የፈጸመ ወጣት መኮንን ነው። ግን የእሱን ትእዛዝ ኮንግረስ አይቶት አያውቅም።

ስለ ገለልተኝነት ደግሞ ጸሐፊው የጆርጅ ዋሽንግተንን የ1796 የስንብት ደብዳቤ ጠቅሷል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ከሌሎች አገሮች ጋር ዘላቂ የጦር ቃል ኪዳን አትግቡ የሚለውን ቦታ ብቻ ነው። እዚያው ደብዳቤ ላይ ግን ለከባድ ችግር ጊዜያዊ ቃል ኪዳን መግባት እንደሚቻል ዋሽንግተን ጽፈዋል። ገለልተኝነቱን የመረጡበትን ዋና ምክንያትም አልደበቁም፣ አገራችን ገና ጀማሪ ናትና ተቋሞቿ እስኪጠኑ ጊዜ ለመግዛት ነው አሉ። እውነት ነው። ያኔ የአሜሪካ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፣ ከነጻነት ጦርነቱ የቀረችው የመጨረሻዋ የጦር መርከብ በ1785 ተሽጣለች። ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር በምን አቅሟ ትጋፋ? ሌላም ቦታ አለ፣ አንድ ቀን ጠንክረን ፍትሕ የሚመራው ጥቅማችን እንደሚነግረን ሰላምን ወይም ጦርነትን እንመርጣለን የሚል። ፍትሕ የምትለዋን ነገር ዋሽንግተን ራሳቸው ናቸው የጻፏት። ስለዚህ ገለልተኝነት ለእሳቸው የዘመኑ ፖሊሲ ነበር፣ የሚመለክ ሃይማኖት አልነበረም።

እዚህ ላይ መሥራቾቹን ጻድቃን ለማድረግ እንዳልተነሳሁ ይታወቅልኝ። ነጻነትን የጻፉ እጆች ሰዎችን በባርነት ይዘው ነበር፣ ይሄ የሚረሳ አይደለም። በጦርነት ጉዳይም ቢሆን ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆነው በ1801 ሰሜን አፍሪካ ወዳለችው ትሪፖሊ የጦር መርከቦች ልከው ለኮንግረስ የነገሩትና ለካፒቴኖቹ የተሰጠው ትእዛዝ ልክ ለልክ አይገጥምም ነበር። ግን ደንቡን ሠርተው ሄደዋል፣ ደንቡ ከሠሪዎቹ ይበልጣል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ካታሊና ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1935 ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 31 ሩዝቬልት የገለልተኝነት ሕጉን ፈረሙ። ኦክቶበር 3 ጣልያን ወረረችን። ኦክቶበር 5 ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ፣ አሜሪካ ለጣልያንም ለኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ሁለቱን እኩል ያየ ይመስላል። የታጠቀና ባዶ እጁን ያለ ሰው ሲጣሉ ለሁለታችሁም ዱላ አልሸጥም እንደማለት ነው። ጣልያን የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበራት፣ እኛ አልነበረንም። ነዳጅ ደግሞ በሕጉ ውስጥ አልገባም። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል ነጋዴዎቹ በፈቃዳቸው እንዲተዉት ጠየቁ እንጂ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም፣ የአሜሪካ ዘይት ወደ ጣልያንና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ መሄዱን ቀጠለ። አያቶቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ይረጭ በነበረበት ወቅት ማለት ነው።

ስለዚህ ገለልተኝነት የመሥራቾቹ ቅዱስ ቅርስ ነው ሲባል ስሰማ ደስ አይለኝም። እኛ ቀምሰነዋል። ጸሐፊው ማብቃቱ ደግ ነው ያለውን እዚህ ድረስ እቀበለዋለሁ። ናዚዎችን መዋጋት ትክክል ነበር፣ እንዲያውም ዘግይቷል። ስሚዝ ያን ቀን ያደረገውንም አልነቅፍም።

የምነቅፈው ሳይጠየቁ የቀሩትን ሰዎች ነገር ነው።

ጊዜ አልነበረም፣ ኮንግረስ እምቢ ይል ነበር የሚል ሰው አውቃለሁ። እስቲ የሆነውን እንየው። በጃንዋሪ 1941 ሩዝቬልት ለእንግሊዝ መሣሪያ በውሰት ለመስጠት የሚያስችለውን ሕግ ለኮንግረስ በግልጽ አቀረቡ። የረቂቁ ቁጥር 1776 ነበር፣ የነጻነት አዋጁ ዓመት። ሁለት ወር ተከራከሩበት። ደጋፊም ተቃዋሚም ቀርቦ የልቡን ተናገረ፣ በየቤቱ ሬዲዮ ተደመጠ፣ በየጋዜጣው ተጻፈ። በማርች ሴኔቱ 60 ለ31፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 317 ለ71 ሆኖ አለፈ። በዚያው ዓመት ኦገስት የግዳጅ ወታደሮች አገልግሎት ይራዘም ሲባል 203 ለ202 አለፈ፣ በአንድ ድምፅ! በኖቬምበር የገለልተኝነት ሕጉ ራሱ ተሻሻለ፣ የአሜሪካ የንግድ መርከቦች ታጥቀው ወደ ጦርነቱ ቀጠና እንዲሄዱ ተፈቀደ። በየጊዜው ተጠይቀዋል፣ በየጊዜው፣ አንዳንዴም በጭንቅ፣ እሺ ብለዋል። እኛን የጎዳው የ1935ቱ ሕግ በአደባባይ ወጣ፣ በአደባባይም ተቀየረ። ተሳስቶ የነበረ ምክር ቤት ተከራክሮ ሐሳቡን ሲለውጥ ማየት ትልቅ ነገር ነው። በምስጢር የተደረገውን ግን ማን ያርመዋል?

ከስሚዝ በኋላ ደግሞ የግሪር ነገር መጣ። በእኔ ግምት ከቢስማርክ የበለጠ ሊጻፍበት የሚገባው ይሄ ነው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1941 ግሪር የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ፖስታ ጭና ወደ አይስላንድ እየሄደች ነው። አንድ የእንግሊዝ ቃኚ አውሮፕላን መጣና ከፊት ለፊትሽ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ጠልቋል ብሎ ነገራት። ግሪር በድምፅ መሣሪያዋ ሰርጓጁን ያዘችው፣ ለሰዓታት እየተከተለች ያለበትን ቦታ ለአውሮፕላኑ ነገረች። አውሮፕላኑ ልታጠቂው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ አይደለም አለች። ከዚያ አውሮፕላኑ ራሱ አራት ቦምብ ውሃ ውስጥ ጣለና ነዳጅ ሊሞላ ሄደ። ቆይቶ ሰርጓጁ ግሪር ላይ ቶርፒዶ ተኮሰ፣ ሳታት። እሷም ቦምብ ጣለችበት። ከሁለቱም ወገን የተጎዳ የለም።

ከሳምንት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 11፣ ሩዝቬልት በሬዲዮ ቀርበው ሰርጓጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ተኮሰ፣ ሆን ብሎ ሊያሰጥማት ነው አሉ። ከእንግዲህ የአሜሪካ መርከቦችና አውሮፕላኖች ለደኅንነታችን በሚያስፈልገን ባህር ላይ የናዚ ሰርጓጅ እስኪመታቸው እንደማይጠብቁ ነገሩ። ስለ እንግሊዙ አውሮፕላን፣ ግሪር ሰርጓጁን ለሰዓታት ስለ መከታተሏና ስለ ተጣሉት ቦምቦች አላነሱም። እውነቱ የወጣው የሴኔቱ የባህር ኃይል ኮሚቴ ሰብሳቢ ዴቪድ ዋልሽ ጠይቀው የባህር ኃይሉ አዛዥ አድሚራል ስታርክ በጽሑፍ ሲመልሱ ነው። በዚህ መሃል አሜሪካ ሳታውጅ አትላንቲክ ላይ ጦርነት ውስጥ ገብታለች። በኦክቶበር ኪርኒ የተባለችው መርከብ ተመትታ 11 መርከበኞች ሞቱ፣ ወሩ ሳያልቅ ሩበን ጄምስ ከነብዙ ሰዎቿ ሰጠመች። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደብድባ አሜሪካ በይፋ ጦርነት ውስጥ ከመግባቷ በፊት ማለት ነው።

አንድ ነገር በጣም እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። በዚያው በሴፕቴምበር 11 ማታ ታዋቂው አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ አይዋ ውስጥ ደ ሞይን ላይ ንግግር አድርጎ፣ አገሪቱን ወደ ጦርነት የሚገፉት እንግሊዞች፣ አይሁዶችና የሩዝቬልት መንግሥት ናቸው አለ። እሱና መሰሎቹ የዋሽንግተንን ስም ደጋግመው ይጠሩ ነበር። የእኔን ክርክር ከእነሱ ጋር የሚደባልቅ ሰው እንዳይኖር። በሕዝብ ዘር ላይ ጥላቻ የሚረጭ ሰው የመሥራቾቹን በጎ ሐሳብ ወራሽ አይሆንም። ሩዝቬልት በዋናው ነገር ትክክል ነበሩ፣ ሊንድበርግ ስሕተት ነበር። ቢሆንም ትክክል የነበሩት ሰውዬ ሕዝባቸውን አላመኑትም፣ ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ቬትናም አጠገብ ባለው ቶንኪን ባህረ ሰላጤ ላይ መርከቦቻችን ለሁለተኛ ጊዜ ተጠቁ ብለው ከኮንግረስ ሰፊ ሥልጣን ወሰዱ። ሴኔቱ ያጸደቀው 88 ለ2 ነው። ሁለተኛው ጥቃት አልነበረም። ያን ውሳኔ በሴኔቱ ውስጥ የመሩት ሴናተር ዊልያም ፉልብራይት ከዓመታት በኋላ፣ ሩዝቬልት ለመልካም ዓላማ የተጠቀሙበት ማታለል ጆንሰን ለመጥፎ ዓላማ እንዲያታልሉ መንገዱን አቀለለላቸው ብለው ተናግረዋል። ግሪርን አስበው ነው። በቬትናም ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና እጅግ ብዙ ቬትናማውያን ካለቁ በኋላ ኮንግረስ በ1973 ፕሬዚዳንቱ ወታደር ባዘመተ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ፣ ያለ ፈቃድ ከ60 ቀን በላይ እንዳይቆይ ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ውድቅ ቢያደርጉትም ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ፕሬዚዳንቶች፣ ከሁለቱም ፓርቲ፣ ሕጉን ሲሸሹት ነው የኖሩት። በጃንዋሪ 2024 አሜሪካና እንግሊዝ ቀይ ባህር ላይ መርከቦችን የሚያጠቁትን ሁቲዎች የመን ውስጥ ሲደበድቡ፣ ለምን አልጠየቃችሁንም ያሉ የኮንግረስ አባላት ከሁለቱም ወገን ነበሩ። የሁቲዎቹ ጥቃት ለኢትዮጵያም ጉዳት ነው፣ ዕቃችን በዚያ ባህር ነው የሚመጣው። መልስ መስጠቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ድምፅ ይሰጥበት።

ዛሬ የካታሊናን ሥራ የሚሠሩት ከቦይንግ 737 የተሠራው ፒ-8 ፖሰይደንና ሰው አልባ አውሮፕላኖች ናቸው። ከ1941 የበለጠ ያያሉ፣ ያዩትን ደግሞ በቅጽበት ለፈለጉት ወዳጅ አገር ያስተላልፋሉ። አሁን ኮክፒቱ ውስጥ ስሚዝ እንኳን መኖር የለበትም። ያየነውን ለሌላ እንነግራለን፣ ሌላው ይተኩሳል፣ እኛ አልተዋጋንም ይባላል። ይሄ ነገር ስንት ጊዜና የት የት እንደሚደረግ የሕዝብ ተወካዮች ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፣ እዚህ አሜሪካ የዜግነት ወረቀታችንን ይዘን የምንመርጥ የአበሻ ልጆችም ተወካዮቻችንን ይሄን መጠየቅ አለብን። ቤተሰቦቻችን ያሉት እነዚህ አውሮፕላኖች ከሚያዩት ባህር ዳር ነው።

አዘጋጁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጸሐፊው ተከታታዩን የሚቀጥል ከሆነ የግሪርን ታሪክ በሚቀጥለው ይጨምርበት፣ አድሚራል ስታርክ ለሴኔቱ የሰጡት መልስ በመንግሥት መዝገብ ታትሞ የሚገኝ ነው። የዋሽንግተንን ደብዳቤም የምታወጡ ከሆነ ቁራጩን ሳይሆን ያንን ስለ ጊዜያዊ ቃል ኪዳንና ስለ ፍትሕ የሚናገረውን ቦታ ጨምራችሁ አውጡልን፣ አንባቢው ራሱ አይቶ ይፍረድ። ስሚዝም ረዳት አብራሪ እንደነበረና መሪውን እንደያዘ ብታስተካክሉት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ